ሩቁ ለደበዘዘበት ዓይን፦ መለስተኛ ማዮፒያ ከምን ይመጣል፣ እንዴትስ ይያዛል?

በጎጃም ሰላምታ ትልቅ ቦታ ያለው ነገር ስለሆነ፣ ሩቁ በደንብ የማይታየው ወጣት መጀመሪያ የሚደርስበት ወቀሳ «ዓይኑ ደክሟል» የሚል ሳይሆን «ኮርቷል» የሚል ነው። መንገድ ማዶ የቆመውን የአባቱን ወዳጅ ሳይለየው ያልፋል፤ ሰውየውም «የእገሌ ልጅ አይቶ እንዳላየ አለፈኝ» ብሎ ለቤተሰቡ ይናገራል። ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ ይኸው ልጅ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ከጎኑ ከተቀመጠው ልጅ ደብተር ስለሚገለብጥ ወሬኛ ወይም ሰነፍ ይባላል። ችግሩ ግን ከጠባዩ ሳይሆን ከዓይኑ ርዝመት የመጣ ሊሆን ይችላል። ቅርቡን አጥርቶ እያዩ ሩቁ መደብዘዙ በሕክምናው አጠራር ማዮፒያ ይባላል፤ የሚለካውም ዳዮፕተር በሚባል መለኪያ፣ የመቀነስ ምልክት ባለው ቁጥር ነው። በተለመደው አከፋፈል ከ−0.50 እስከ −3.00 ያለው መለስተኛ ነው፤ ከ−6.00 በላይ የሄደው ደግሞ ከባድ የሚባለውና በሌላ ጥንቃቄ የሚያዘው ነው። እዚህ የምንነጋገረው በአብዛኛው ስለ መለስተኛው ይሆናል።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ማዮፒያ ያለበት ልጅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይጠብቁታል፦ አንደኛው ዛሬ ሰሌዳውን አጥርቶ እንዲያይ ማድረግ ነው፤ ሁለተኛው ቁጥሩ ከዓመት ዓመት እንዳይከፋ ማዘግየት ነው። የመጀመሪያውን የሚሠራው መነጽር ነው፤ ሁለተኛውን የሚያግዙት የቀን ብርሃንና የአነባበብ ልማድ፣ ሲያስፈልግም ሐኪም የሚያዘው ሕክምና ናቸው። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሰሙት አብዛኞቹ የተሳሳቱ ምክሮች የሚመነጩት ሁለቱን ከማቀላቀል ነው፤ መነጽር ቁጥሩን ካላስቆመ ምን ያደርጋል የሚለውም፣ ውጭ መጫወት ከጀመረ መነጽሩን ሊጥለው ይችላል የሚለውም እኩል ስሕተት ናቸው።

ዓይን ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው?

ብርሃን ወደ ዓይን ሲገባ ከፊት ለፊት ባለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ማለትም በኮርኒያ፣ ከዚያም ከብሌኑ ኋላ ባለው ሌንስ እየታጠፈ ሄዶ ከኋላው ግድግዳ ከሬቲና ላይ ማረፍ አለበት። ሕፃን ሲወለድ ዓይኑ ከፊት እስከ ኋላ 17 ሚሊሜትር አካባቢ ሲሆን፣ እያደገ ሄዶ ጎልማሳ ሲሆን ወደ 24 ሚሊሜትር ይደርሳል። በዚህ እድገት ውስጥ ዓይኑ ከሚያስፈልገው በላይ ከረዘመ ምስሉ ሬቲና ላይ ሳይደርስ ከፊቱ ይቀራል፤ ሩቁም የሚደበዝዘው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ትርፍ ሚሊሜትር ከ2.50 እስከ 3.00 ዳዮፕተር ያህል ማዮፒያ ስለሚያመጣ፣ መለስተኛ ማዮፒያ ያለበት ሰው ዓይን ከሌላው የሚለየው በአንድ ሚሊሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ትንሽ ሆኖ ሳለ የሰውን ፊት ከመንገድ ማዶ ለማጥፋት ግን ይበቃል።

አንድ ጊዜ የረዘመ ዓይን ተመልሶ አያጥርም። ስለዚህ ካሮት ቢበላ፣ ዓይንን በየአቅጣጫው የማንከባለል ልምምድ ቢደረግ፣ ወይም ቅጠል ተጨምቆ ቢጨመር ማዮፒያው አይጠፋም። ካሮትና ጎመን ለዓይን መልካም ምግብ መሆናቸው እውነት ነው፤ የሚረዱት ግን በቫይታሚን ኤ እጥረት ለሚመጣው ዳፍንት ነው እንጂ ለማዮፒያ አይደለም። ዓይን ውስጥ የሚጨመር ቅጠልማ ኮርኒያን አቁስሎ ቀላሉን ነገር የዕድሜ ልክ ጠባሳ ሊያደርገው ስለሚችል ፈጽሞ አይሞከርም። ጠበል የሚጠመቅ ሰው እምነቱ ነውና የሚከለክለው የለም፤ ከጠበል መልስ ግን መነጽሩን አድርጎ ክፍል መግባት ይችላል፣ ሁለቱ የሚጋጩበት ምክንያት የለም።

ከምን ይመጣል?

የዘር ድርሻ አለው። አባት ወይም እናት ማዮፒያ ካላቸው የልጁ ዕድል ከፍ ይላል፤ ሁለቱም ካላቸው ደግሞ ይበልጥ ከፍ ይላል። ይሁን እንጂ በምሥራቅ እስያ ከተሞች ማዮፒያ በአንድና በሁለት ትውልድ ውስጥ እጅግ መብዛቱ ዘር ብቻውን እንደማይበቃ አሳይቷል፤ የሕዝብ ዘር በሠላሳና በአርባ ዓመት አይለወጥም፣ የተለወጠው የልጆች ውሎ ነው። ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ሥር መዋል፣ ከደብተርና ከስልክ ጋር ፊትን አቀራርቦ ለረጅም ሰዓት መቆየት የዓይንን እድገት ይገፋል።

ከሁሉም ይበልጥ ማስረጃ የተሰበሰበበት የቀን ብርሃን ነው። ደጅ ላይ ፀሐይ ባለበት ጊዜ ያለው ብርሃን ከ10,000 ሉክስ (የብርሃን ጥንካሬ መለኪያ ነው) እጅግ ይበልጣል፤ ክፍል ውስጥ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ ጥቂት መቶ ሉክስ ብቻ ነው። ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት ጠንካራው የደጅ ብርሃን ሬቲና ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር እንዲያመነጭ ያነሣሣዋል፤ ዶፓሚን ደግሞ የዓይንን መርዘም ይገታል። በቻይናዋ ጓንግዡ ከተማ በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ የደጅ ክፍለ ጊዜ እንዲኖራቸው ሲደረግ ከሦስት ዓመት በኋላ አዲስ ማዮፒያ የያዛቸው 30 በመቶ አካባቢ ሆኑ፤ ተጨማሪው ጊዜ ያልተሰጣቸው ግን 40 በመቶ አካባቢ ነበሩ። አርባ ደቂቃ ማለት አንድ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ወጪውም ምንም ነው።

ይህን ይዘን ወደ ጎጃም ስንመጣ ነገሩ ሁለት መልክ አለው። በጮቄ ሥር ወይም በዳሞት መስክ ከብት ሲጠብቅ የሚውል ልጅ በብርሃን በኩል የሚጎድለው ነገር የለም። ይኸው ልጅ ስንቁን ተሸክሞ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ሞጣ መጥቶ ቤት ተከራይቶ መማር ሲጀምር ግን ውሎው ይገለበጣል፤ ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ጠባብ የሆነ የኪራይ ክፍል፣ ማታ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ሶላር ወይም ኩራዝ። በኩራዝ ማጥናት ዓይን ያጠፋል የሚለውን አባባል እንዳለ አልቀበለውም፤ የሚያሳስበኝ ብርሃኑ ሲያንስ ልጁ ፊቱን ወደ ደብተሩ እያስጠጋ መሄዱ ነው፣ ጭሱም ዓይንን መቆጥቆጡ አይቀርም። በአብነት ትምህርት ቤቶችም ቢሆን ውሎው አንድ ዓይነት አይደለም። ደቃቅ ጽሑፍ ባለው ብራና ላይ ጎጆ ውስጥ አጎንብሶ የሚውል ተማሪ አለ፤ ቅኔ ሊቆጥር ወደ ጫካና ወደ መስክ የሚወጣው ተማሪ ደግሞ ለዓይኑ የሚበጀውን ሳያስበው ያደርገዋል።

ጉዳዩ የሌላ አገር ብቻ እንዳይመስል፣ በደብረ ማርቆስ አካባቢ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከአሥር ተማሪዎች አንዱ ያህል በመነጽር ሊስተካከል የሚችልና ያልታረመ የእይታ ጉድለት እንዳለበት አግኝቷል፤ ከነዚህም የሚበዛው ማዮፒያ ነበር። ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ ስድስት ልጅ ማለት ነው። በአማራ ክልል የዓይን ጤና ሲነሣ ትራኮማ ቀድሞ ትዝ ይላል፤ ትክክልም ነው፣ የትራኮማ ሸክም እዚህ ከባድ ነው። ይሁን እንጂ ማዮፒያ አይቀላም፣ አያመረቅዝም፣ አያሳምምም፤ ዓይኑ ሲታይ ጤነኛ ነው። የማይታወቀውም ለዚህ ነው።

እቤት ውስጥ እንዴት ይጠረጠራል?

ልጅ «አይታየኝም» ብሎ አይናገርም፤ ሌላው ሰው እንዴት እንደሚያይ ስለማያውቅ ዓለም እንዲያ የደበዘዘ ይመስለዋል። ስለዚህ ወላጅና መምህር ምልክቱን መጠበቅ አለባቸው። ሩቅ ሲመለከት ዓይኑን ጠበብ ያደርጋል፤ ቴሌቪዥን ካለ ከሥሩ ካልተቀመጠ አያይም፤ ኳስ ዘግይቶ ያያታል፤ ከቃል ጥያቄ ይልቅ ሰሌዳ ላይ በተጻፈ ፈተና ውጤቱ ይወርዳል። ዓይን ማጥበቡ ልማድ ሳይሆን ዘዴ ነው፤ ጠባብ ቀዳዳ ደብዛዛውን ምስል ያጠራዋልና።

ይህንኑ ዘዴ ተጠቅሞ ቀላል ሙከራ ማድረግ ይቻላል። ወፍራም ወረቀት በመርፌ ይበሱና አንድ ሚሊሜትር ያህል ቀዳዳ ያብጁ። ልጁ አንዱን ዓይን በመዳፉ ይሸፍን፤ ሲሸፍን ግን ዓይኑን አይጫን፣ በጣቶቹም መካከል አያጮልቅ። በሌላው ዓይን ስድስት ሜትር ያህል ርቆ ግድግዳ ላይ ያለ የቀን መቁጠሪያ ወይም ከበር ላይ ሆኖ ማዶ ያለውን የሱቅ ታፔላ ያንብብ፤ ከዚያ በቀዳዳው በኩል ደግሞ ይሞክር። በባዶ ዓይን የጠፋበት ፊደል በቀዳዳው ከታየው ጉድለቱ በመነጽር የሚስተካከል ዓይነት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። በቀዳዳውም ካልተሻለው ሌላ ችግር ሊኖር ስለሚችል ምርመራው አይዘገይ። ሁለቱን ዓይን ለየብቻ መሞከር ግዴታ ነው፤ አንዱ ዓይን ደህና ከሆነ ሁለቱን ከፍቶ ሲያይ የሌላው ድካም ለዓመታት ተሸፍኖ ይኖራልና።

የቁጥሩን ግምት ማወቅ የሚፈልግ አዋቂም ቀላል መንገድ አለው። መነጽር ሳያደርጉ፣ አንድ ዓይን ሸፍነው፣ የመጽሐፍ ገጽ ከፊትዎ ይያዙና ፊደሉ መደብዘዝ እስከሚጀምርበት ድረስ ቀስ ብለው ያርቁት። እዚያ ላይ ሌላ ሰው ከዓይንዎ እስከ ገጹ ያለውን በሜትር ይለካልዎት፤ መቶን በተገኘው ሴንቲሜትር ሲያካፍሉት የሚመጣው ቁጥር ለዳዮፕተሩ ቅርብ ነው። 50 ሴንቲሜትር ላይ ከደበዘዘ −2.00 አካባቢ፣ 67 ላይ ከሆነ −1.50 አካባቢ፣ 33 ላይ ከሆነ −3.00 አካባቢ ነው። ከአንድ ዳዮፕተር በታች ላለ ግን ይህ መንገድ አይሠራም፤ ደቃቅ ፊደል ከአንድ ሜትር በላይ ሲርቅ ለማንም ያስቸግራል። በዚህ ግምት መነጽር ማዘዝ እንደማይገባ መናገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ ጥቅሙ ወደ ሐኪም ለመሄድ የሚያመነታን ሰው ማነሣሣት ነው።

የምርመራው ቀን

ትክክለኛው ልኬት የሚገኘው ከኦፕቶሜትሪስት፣ ማለትም እይታ ለክቶ መነጽር ከሚያዝ ባለሙያ፣ ወይም ከዓይን ሐኪም ነው። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የዓይን ክፍል አላቸው፤ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ኦፕቶሜትሪስቶችም በየከተማው እየሠሩ ነው። በሌላ ቦታ ያለ ሰው ቅርቡ ያለውን ጤና ጣቢያ ጠይቆ የዓይን ክፍል ወዳለበት ሆስፒታል እንዲልከው ማድረግ ይችላል።

ልጅ ሲመረመር አንድ ነገር መጠየቅ ተገቢ ነው፤ «ጠብታ ተደርጎለት ነው የሚለካው?» ብሎ። የልጅ ዓይን ቅርብ ለማየት የሚያገለግለውን ጡንቻ አጥብቆ ሊይዝ ስለሚችል፣ በተለይ ለፈተና ብዙ ሲያነብ በሰነበተ ተማሪ ላይ፣ ያለጠብታ ሲለካ የሌለ ማዮፒያ ሊታይ ወይም ያለው በዝቶ ሊታይ ይችላል። ጡንቻውን የሚያላላው ጠብታ ከተደረገ በኋላ እውነተኛው ቁጥር ይገኛል። ጠብታው ጡንቻውን ስለሚያላላና ብሌንንም ስለሚያሰፋ ለሰዓታት፣ እንደ ጠብታው ዓይነትም ከአንድ ቀን በላይ፣ ቅርቡ ይደበዝዛል፣ ፀሐይ ያስቸግራል። ስለዚህ በፈተና ማግሥት እንጂ በዋዜማው አይሂዱ፤ ኮፍያ ወይም ጥላ ይያዙ፤ ልጁም ብቻውን መንገድ እንዳይሻገር ሰው ይከተለው።

በመጨረሻ የሚሰጠውን ወረቀት ማንበብ መቻል ጠቃሚ ነው። ለምሳሌ ወረቀቱ ቀኝ −1.25፣ ግራ −1.50 / −0.50 × 180 ቢል፣ የመጀመሪያው ቁጥር ማዮፒያውን ይነግራል፤ −0.50 የሚለው ኮርኒያ በአንድ አቅጣጫ ይበልጥ መታጠፉን፣ ማለትም አስቲግማቲዝምን ያሳያል፤ 180 የሚለው ደግሞ የአስቲግማቲዝሙ ማረሚያ መነጽሩ ላይ የሚቀመጥበትን ማዕዘን በዲግሪ ይገልጻል። በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀትም በሚሊሜትር መጻፍ አለበት፤ እርሱ ከተሳሳተ ቁጥሩ ትክክል ሆኖም ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። ወረቀቱን ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ። ከዓመት በኋላ ቁጥሩ መጨመሩንና አለመጨመሩን የሚነግርዎት ይኸው የድሮው ወረቀት ነው፤ ያለ እርሱ ሁሌም ከዜሮ ይጀመራል።

መነጽሩ

በገበያ ቀን በየመንገዱ ዳር ተደርድረው የሚሸጡት ርካሽ መነጽሮች ለማዮፒያ አይሆኑም። እነዚያ ዕድሜያቸው ከአርባ ለዘለለና ቅርቡን ማንበብ ላቃታቸው የተሠሩ፣ የመደመር ምልክት ያላቸው ናቸው፤ ማዮፒያ ያለበት ሰው ሲያደርጋቸው ሩቁ ይብስበታል። የትኛው ምን እንደሆነ ለመለየት መነጽሩን ከዓይን ራቅ አድርጎ በአንዱ መስታወት በኩል ፊደል እየተመለከቱ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማንቀሳቀስ ነው። ፊደሉ አንሶ ከታየና ከመነጽሩ ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄደ የማዮፒያ መነጽር ነው፤ ተልቆ ከታየና በተቃራኒው ከሄደ የማንበቢያ ነው። አዲስ የተሠራ መነጽር ሲረከቡም ይህን ማየት አይከፋም።

ለልጅ መስታወት ሳይሆን ፕላስቲክ ሌንስ ይምረጡ፤ ቶሎ አይሰበርም፣ ቢሰበርም ዓይን የመጉዳት ዕድሉ ያነሰ ነው፣ ይቀልላልም። ፍሬሙ አፍንጫው ላይ እንዳይንሸራተት፣ ከጆሮው ኋላም እንዳይቆረቁር ያስሞክሩት። ልጁ ቀለሙን ራሱ ይምረጥ፤ ያልወደደውን መነጽር ቦርሳ ውስጥ ከትቶ እንደሚውል እርግጠኛ መሆን ይቻላል። የሚጸዳው በውኃና በትንሽ ሳሙና፣ ከዚያም በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ነው። በደረቁ በነጠላ ወይም በጋቢ ጫፍ መጥረግ የሁላችንም ልማድ ቢሆንም፣ ላዩ ላይ ያለው የበጋ አቧራ ሌንሱን እየፋቀ በጥቂት ወር ውስጥ ያደበዝዘዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወለሉ ያዘመመ ወይም ደረጃው የራቀ ሊመስል ይችላል፤ ይህ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ይጠፋል። ካልጠፋ ልኬቱ ወይም አሠራሩ ላይ ስሕተት ሊኖር ስለሚችል ይመለሱ።

መቼ ይደረግ ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ ቁጥሩና እንደ ዕድሜው ይለያያል። −0.50 ወይም −0.75 ያለው አዋቂ ለመኪና መንዳት፣ በተለይ ለማታ፣ እንዲሁም ለስብሰባና ለሰሌዳ ብቻ ቢያደርገው ይበቃዋል፤ ደብዛዛው ካላስቸገረው ምንም ሳያደርግ ቢኖርም ዓይኑ አይጎዳም። ከ−1.00 በላይ የሆነ ተማሪ ግን ክፍል ውስጥም መንገድም ላይ ቢያደርገው ይመረጣል።

«መነጽር ዓይን ያደክማል፣ አንዴ ከለመደው አይላቀቀውም» የሚለው ፍርሃት ብዙ ልጆችን ጎድቷል። ሰው መነጽሩን የሚፈልገው ዓይኑ ስለሰነፈ ሳይሆን ጥርት ያለው ምን እንደሚመስል ስላወቀ ነው። ቁጥሩ በየዓመቱ የሚጨምረውም መነጽር ቢደረግም ባይደረግም ነው፤ ልጁ እያደገ ነውና ዓይኑም አብሮ ያድጋል። እንዲያውም ቁጥሩን ሆን ብሎ አሳንሶ መስጠት ዓይኑን ያሠራዋል ተብሎ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የማሌዥያ ጥናት ይህን ሲፈትሽ ያነሰ ቁጥር የተሰጣቸው ልጆች ማዮፒያ ይበልጥ ፈጥኖ መጨመሩን አገኘ። ስለዚህ «ለጊዜው ትንሽ ቀነስ አድርጉለት» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ሙሉው ቁጥር ይሰጠው።

ኮንታክት ሌንስ ለመለስተኛ ማዮፒያ በእኛ ሁኔታ እምብዛም አልመክረውም። በየቀኑ ንጹሕ እጅና የራሱን ፈሳሽ ይፈልጋል፤ በቧንቧ ወይም በምንጭ ውኃ ከታጠበ ኮርኒያን የሚያቆስል ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል። የሌዘር ቀዶ ሕክምና ደግሞ ቁጥሩ ለረጋለት አዋቂ እንጂ ገና ለሚያድግ ልጅ አይደለም።

ቁጥሩ እንዳይሮጥ

ሁለተኛው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ከሁሉም የሚያዋጣውም ገና ማዮፒያ ሳይጀምር ልጁ ደጅ እንዲውል ማድረግ ነው። በአጠቃላይ የሚመከረው በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ሁለት ሰዓት ሲባል በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም፤ በእግር ወደ ትምህርት ቤት መሄድና መመለስ፣ የዕረፍት ሰዓትን ከክፍል ውጭ ማሳለፍ፣ ማታ ከመጨለሙ በፊት ኳስ መጫወት፣ ቅዳሜ ወደ አያቶቹ ገጠር መውረድ ተደማምረው ይሞላሉ። ባጃጅ የሚያመላልሰው የከተማ ልጅ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጣዋል። ኮፍያ ማድረግ ወይም ዛፍ ጥላ ሥር መቀመጥ ጥቅሙን አያጠፋውም፤ ፀሐይን በቀጥታ መመልከት ግን ሬቲናን ያቃጥላልና ልጆች እንዳይሞክሩት ይነገራቸው። ክረምትም ቢሆን ምክንያት አይሆንም፤ ደመና በዋለበት ቀን እንኳ ደጅ ያለው ብርሃን ከክፍል ውስጡ ብዙ እጥፍ ነው፣ ዝናቡ ባባራበት ሰዓት ማስወጣት ነው። መምህራን ብዙ ጊዜ ልጆችን ለቅጣት ብለው በዕረፍት ሰዓት ክፍል ያስቀራሉ፤ ይህ ቅጣት ቢቀር ለዓይናቸው ይበጃል።

ሲያነብ ደብተሩ ከዓይኑ ቢያንስ ከክርኑ እስከ ጭብጡ ያለውን ያህል ይራቅ፤ ልጁ ክርኑን ጠረጴዛ ላይ ተክሎ ጉንጩን በጭብጡ ሲደግፍ ርቀቱን ራሱ ሊለካው ይችላል። መደብ ላይ ተጋድሞ ማንበብ የሚከፋው ገጹ ሳይታወቅ እየቀረበ ስለሚመጣ ነው። ስልክ ደግሞ ከመጽሐፍ ይልቅ ይቀርባል፤ ፊደሉ ትንሽ ስለሆነ ሃያ ሴንቲሜትር ድረስ ያስጠጉታል። ፊደሉን ከስልኩ ማስተካከያ ማሳደግ፣ ከተቻለም ማስታወሻውን በወረቀት አትሞ ማንበብ ይሻላል። በየሃያና ሠላሳ ደቂቃው ቀና ብሎ በበሩ በኩል ማዶ ያለ ዛፍ ወይም ተራራ መመልከት የደከመውን ጡንቻ ያሳርፋል፤ ይህ ድካምን ቢያስታግስም ብቻውን ቁጥሩን ያስቆማል ብለው ግን አይጠብቁ። ቀን ላይ ጠረጴዛው ወደ መስኮቱ ወይም ወደ በሩ ይጠጋ፤ ማታ መብራቱ በቀኝ እጁ ለሚጽፍ በስተግራ ይሁን፣ የእጁ ጥላ ጽሑፉ ላይ እንዳይወድቅ።

ይህም ሆኖ ቁጥሩ በዓመት በ0.50 ወይም ከዚያ በላይ እየጨመረ የሚሄድ ልጅ ይኖራል፤ በተለይ ከአሥር ዓመቱ በፊት የጀመረው። ለእንዲህ ያለው ልጅ በጣም የቀጠነ የአትሮፒን ጠብታ፣ ከ0.01 እስከ 0.05 በመቶ፣ ማታ ማታ ይሰጣል፤ በሆንግ ኮንግ በተካሄደ ጥናት 0.05 በመቶው ከሌሎቹ ይበልጥ አዘግይቷል። ይህ በሐኪም ክትትል ብቻ የሚሰጥ ነው። ለሌላ ሕክምና የሚውለው 1 በመቶ አትሮፒን ስሙ አንድ ቢሆንም መቶ እጥፍ ድረስ የበረታ ስለሆነ፣ ከፋርማሲ ገዝቶ እቤት ውስጥ በውኃ ማቅጠን አደገኛ ነው፤ መጠኑም ንጽሕናውም አይጠበቅም። ቁጥርን ለማዘግየት የተሠሩ ልዩ የልጆች ሌንሶችም አሉ፤ ውድ ናቸውና አቅም ያለው ወላጅ ባለሙያውን ይጠይቅ።

ልጅ በየስድስት ወሩ፣ ቢቸግር በየዓመቱ መስከረም ላይ ትምህርት ሳይጀመር ይለካ። አብዛኛው ሰው ከሃያ ዓመቱ ግድም ጀምሮ ቁጥሩ ይረጋል፤ ከዚያ በኋላ በሁለት ዓመት አንዴ መታየት ይበቃል።

ማዮፒያ የሚመስል ሌላ ነገር

ዓይኑን ሁልጊዜ የሚያሳክከውና የሚያሸው ልጅ ቁጥሩ ቶሎ ቶሎ ከተለወጠ፣ አስቲግማቲዝሙም ከጨመረ፣ ኮርኒያው እየሳሳና እየሾለ ሊሆን ስለሚችል አለርጂው ቀድሞ መታከም አለበት። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ስኳሩ ከፍ ሲል ሩቁ ሊደበዝዝበት ይችላል፤ ስኳሩ ሳይስተካከል መነጽር ማሠራት ገንዘብ መጣል ነው። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፉ አባት «ዳዊቱን ያለ መነጽር ማንበብ ጀመርኩ፣ ማዶው ግን ጠፋብኝ» ካሉ፣ ደስ ቢያሰኝም ብዙውን ጊዜ የዓይን ሞራ መጀመሩ ነው። መለስተኛ ማዮፒያ ለኖረበት ጎልማሳ ግን አርባ አምስት አካባቢ እውነተኛ ጥቅም አለው፤ እኩዮቹ ማንበቢያ መነጽር ሲገዙ እርሱ የራሱን አውልቆ ያነባል።

ድንገት የሚበሩ ብልጭታዎች፣ በአንድ ጊዜ የበዙ ተንሳፋፊ ጥቁር ነጥቦች፣ ወይም ከአንድ ወገን እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካዩ ሬቲና እየተላቀቀ ሊሆን ይችላል፤ ማዮፒያ ያለበት ሰው ላይ ይህ አደጋ ከሌላው ከፍ ይላል። ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ከሚያምና ከቀላ ዓይን ጋር የመጣ ድብዘዛም፣ የሕፃን ብሌን ነጭ ሆኖ መታየቱም እንዲሁ ናቸው፤ ለእነዚህ መነጽር ቤት አይኬድም።